ፒኔሎፒ ጎልድበርግ

ፒኔሎፒ ኩያኑ ጎልድበርግ (እ.ኤ.አ. በ1963 አቴንስ፣ ግሪክ ተወለዱ) በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ናቸው። በተለይ የሚታወቁት የውጭ ንግድ ፖሊሲ በአምራች ድርጅቶች ምርት፣ ወጪና ዋጋ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በማጥናት ነው።

ትምህርትና ሥራ

በጀርመን የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። ከየል ሌላ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎችም አስተምረዋል። «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» የተባለውን የጥናት መጽሔት በዋና አዘጋጅነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 የዓለም ባንክ ዋና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነበሩ።

ቀደምት ጥናታቸው በአሜሪካ የመኪና ገበያ ላይ ያተኮረ ነበር። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ግፊት ወደዚያች አገር የምትልካቸውን መኪኖች ቁጥር ለመገደብ ተስማምታ ነበር። ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ገደብና የምንዛሪ ተመን መለዋወጥ በገበያው ላይ ያላቸውን ውጤት መርምረዋል።

የህንድ ጥናት

ህንድ የአገር ውስጥ ገበያዋን ለአሥርተ ዓመታት በከፍተኛ ቀረጥና በፈቃድ ሥርዓት ስትከላከል ቆይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የውጭ ምንዛሪ ክምችቷ ሊያልቅ ሲቃረብ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ተበደረች፤ ከብድሩ ጋር በተያያዘው ማሻሻያም ቀረጧን በፍጥነት ቀነሰች። ለውጡ ድንገተኛ ስለነበር ድርጅቶች አስቀድመው ለመዘጋጀት ጊዜ አልነበራቸውም። ይህም የቀረጥን ውጤት ከሌሎች ምክንያቶች ለይቶ ለማየት አመቺ ሆነ።

ጥናቱን ያገዘው ሌላው ነገር የመረጃው ዝርዝርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የህንድ የኩባንያዎች ሕግ ድርጅቶች ምርትና ሽያጫቸውን በየምርቱ ዓይነት እንዲገልጹ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ አንድ ድርጅት በየዓመቱ ምን አዲስ ምርት እንደጀመረ ማወቅ ተችሏል።

ጎልድበርግ ከአሚት ካንደልዋል፣ ከኒና ፓቭችኒክና ከፔቲያ ቶፓሎቫ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት በግብዓት ላይ በሚጣል ቀረጥ ላይ ያተኩራል። ከድርጅቱ ምርት ጋር በሚወዳደር የውጭ ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ ሲቀንስ ድርጅቱ ውድድር ይበዛበታል። በጥሬ ዕቃና በሌሎች ግብዓቶች ላይ ያለው ሲቀንስ ግን የማምረቻ ወጪው ይቀልለታል፤ ከዚህ በፊት በአገሩ የማይገኙ ግብዓቶችንም ማግኘት ይችላል። በጥናቱ ግኝት መሠረት፣ የህንድ ድርጅቶች ከጀመሯቸው አዳዲስ ምርቶች በአማካይ 31 በመቶው የግብዓት ቀረጥ መቀነስ ያስገኘው ነው።

ወጪ፣ ዋጋና ትርፍ

የማምረቻ ወጪ ሲቀንስ ገዢው ምን ያህል ይጠቀማል? ጎልድበርግ፣ ያን ደ ሉከር፣ ካንደልዋልና ፓቭችኒክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጠይቀዋል። ከማሻሻያው በኋላ የህንድ ፋብሪካዎች የመሸጫ ዋጋ ወርዷል፤ ነገር ግን ወጪያቸው የቀነሰውን ያህል አልወረደም። ድርጅቶቹ ከቀነሰላቸው ወጪ ከፊሉን ለራሳቸው በማስቀረት የትርፍ ህዳጋቸውን አሳድገዋል። በመሆኑም የቀረጥ ቅነሳው ጥቅም ሙሉ በሙሉ ለገዢው አልደረሰም።

የአሜሪካ የ2018 ቀረጥ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በብረት ላይ 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በበርካታ የቻይና ዕቃዎች ላይም ቀረጥ ጨመረች። ቻይናና ሌሎች የንግድ ሸሪኮቿም በአሜሪካ ዕቃዎች ላይ አጸፋ ቀረጥ ጣሉ። እንዲህ ያለው ቀረጥ ብረት አምራቹን ከውድድር ሲጠብቅ፣ ብረት ገዝቶ ማሽን ወይም መኪና ለሚሠራው ፋብሪካ ግን ተጨማሪ ወጪ ነው።

ጎልድበርግ ከፓብሎ ፋይገልባውም፣ ከፓትሪክ ኬኔዲና ከካንደልዋል ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት የውጭ ሻጮች ቀረጡን ለመካስ ዋጋቸውን እንዳልቀነሱ፣ ጭማሪውም ሙሉ በሙሉ በአሜሪካውያን አስመጪዎች ላይ እንዳረፈ አሳይተዋል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚገዙ አሜሪካውያን ሸማቾችና ድርጅቶች የደረሰባቸው ኪሳራ በ51 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። መንግሥት የሰበሰበው ቀረጥና የአገር ውስጥ አምራቾች ያገኙት ጥቅም ሲታሰብ ግን የአገሪቱ የተጣራ ኪሳራ 7.2 ቢሊዮን ዶላር ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት፣ ቀረጥ ከአገሪቱ ጠቅላላ ገቢ ይልቅ የገቢውን ክፍፍል ይበልጥ እንደሚለውጥ ያሳያል።