የትራክተር ሞተር ያዳነው ፒክአፕ

ሞተር መቀየር የጋራዥ ብልሃት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ሞክረውታል፤ አንዱ ከስሮበታል፣ ሌላው ድኖበታል።

ጄኔራል ሞተርስ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 በኦልድስሞቢል መኪኖችና በሸቭሮሌት ፒክአፖች ላይ 5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር ገጠመ። ሞተሩ የተነደፈው ከቤንዚኑ ቪ8 ተነስቶ ነው። ናፍጣ በካንዴላ አይቀጣጠልም፤ የሚያቀጣጥለው በኃይል የታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ነው። ቴስታታውን የሚያስሩት ብሎኖች ቁጥር ግን እንደ ቤንዚኑ ቀረ። ብሎን ተሳበ፣ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፣ ደንበኛ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1985 ምርቱ ሲቆም የናፍጣ መኪና ስም በአገሩ ጠፍቶ ነበር።

ክራይስለር ሌላ መንገድ ያዘ። አካሉ ከ1972 ጀምሮ ብዙም ያልተለወጠው የዶጅ ፒክአፕ ገበያ ርቆት ነበር። በ1989 ሞዴል ላይ ግን የከሚንስ ኩባንያ ባለ 5.9 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ተርቦ ናፍጣ ገባለት። ይህ ሞተር ለእርሻና ለግንባታ ማሽኖች ጭምር የተሠራ፣ ከመነሻውም ለናፍጣ ግፊት የታሰበ ነው። 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢኖረውም ከባድ ተጎታች ሲስብ አቻ አልነበረውም። አሮጌው ፒክአፕ እንደገና ተፈላጊ ሆነ።

ባለጋራዦችም ተከተሉ፦ ይህንኑ ሞተር ለፎርድ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ወንድሙን ደግሞ ከዳቦ ማመላለሻ መኪና ፈተው ለጂፕ አደረጉት። የሚለካው አዲሱ ሞተር መግባቱ አይደለም፤ የሚያስረውና የሚሸከመው መቻሉ ነው። አዲስ እሳት በአሮጌ ብሎን አይታሰርም።