ከለንደን እስከ ሲድኒ፤ መንገዱና የወሰደው ጊዜ

በክፍላችን ባለው የመሬት ሉል ላይ ከለንደን እስከ ሲድኒ ክር ዘርግተን ብንለካ 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል አገኘን። ክሩ በሩስያና በቻይና ላይ ያልፋል። ቀድሞ የበረሩት ሰዎች ግን ነዳጅና ማረፊያ ሜዳ ወደሚገኝበት እየዞሩ፣ በካይሮ፣ በካራቺ፣ በካልካታና በሲንጋፖር በኩል ነበር የሄዱት። እኛም ያ ሁሉ ጊዜ በምን እንዳለቀ ለመመርመር ፈለግን። (ዓመታቱን የጻፍነው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።)

በ1919 የአውስትራልያ መንግሥት፣ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው በ30 ቀን ውስጥ አውስትራልያ ቀድመው ለሚገቡ አውስትራልያውያን 10,000 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። ሮስ ስሚዝ፣ ወንድሙ ኪዝ ስሚዝ፣ ሁለቱም መካኒኮች ቤኔትና ሺርስ ቪከርስ ቪሚ በሚባል ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ኖቬምበር 12 ቀን በለንደን አጠገብ ካለው ከሃውንስሎ ተነሡ። የሚቀመጡበት ስፍራ ክዳን ስላልነበረው ብርዱ ፊታቸውን ይገርፈው ነበር። በጃቫ ደሴት ሱራባያ ላይ አይሮፕላኑ ጭቃ ያዘው። የአገሩ ሰዎች ከየቤታቸው የቀርከሃ ሰሌን አምጥተው አነጠፉለትና በዚያ ላይ ተንደርድሮ ተነሣ። ዲሴምበር 10 ቀን ዳርዊን ደረሱ። ሽልማቱንም አገኙ፤ ሲድኒ ግን ገና ከአህጉሩ ማዶ ነበረች።

ጉዞው 28 ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው አለቀ። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የነበሩት 136 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ አካፍለን ብናየው ከአምስት አንድ እጅ መሆኑ ነው። የቀረው ለእንቅልፍ፣ ለሞተር ጥገና፣ ነዳጅ ለመቅዳትና ከጭቃ ለመውጣት ዋለ። በዚያው ውድድር አራት ሰዎች ሞተዋል፤ ሁለቱ ከሃውንስሎ እንደ ተነሡ ወድቀው፣ ሁለቱ ደግሞ በኮርፉ ደሴት አጠገብ ባሕር ገብተው። ሮስ ስሚዝና ቤኔትም በ1922 ሌላ አይሮፕላን ሲሞክሩ ወድቀው ሞቱ። የሽልማቱን ገንዘብ ብቻ የሚያወራ ሰው ይህን ይዘለዋል።

በ1935 መንገደኞች ከብሪዝበን ለንደን በ12 ቀን ተኩል ይደርሱ ጀመር። በአየር እንሄዳለን ብለው ቲኬት የቆረጡት ሰዎች ግን በብሪንዲዚና በፓሪስ መካከል በባቡር ነበር የሚጓዙት! ይህን ስናነብ ሳቅን።

በ1947 ቃንታስ የተባለው ኩባንያ በኮንስተሌሽን አይሮፕላን ከሲድኒ ለንደን በአራት ቀን ገደማ መሄድ ጀመረ። በረራው ራሱ 55 ሰዓት ያህል ሲሆን መንገደኞቹ በሲንጋፖርና በካይሮ ያድሩ ነበር። እየዘለለ ስለሚሄድም የካንጋሩ መንገድ ተባለ።

በኖቬምበር 2019 የዚሁ ኩባንያ አንድ አይሮፕላን ከለንደን ተነሥቶ በ19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሲድኒ ገባ። ለሙከራ የተደረገ በረራ ስለ ነበረ የጫነው 50 ያህል ሰዎችን ብቻ ነው፤ ሙሉ መንገደኛና ዕቃ ጭኖ ያን ያህል ነዳጅ ሊይዝ አይችልም ነበር። እነዚያ 50 ሰዎች በመንገዳቸው አንድም ከተማ አልረገጡም።