ውሃን በብርሃን የሚያጸዳው ነጭ ዱቄት፦ ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ላይ ነጭ ዱቄት ይጨመራል፣ ብርሃን ላይ ይቀመጣል፣ ከቆይታ በኋላ ውሃው ጥርት ይላል። አስማት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሂደቱ ፎቶካታሊሲስ ይባላል። እንዴት እንደሚሠራና እስከ የት እንደሚሄድ እንይ።

🔹 ዱቄቱ ምንድን ነው?
ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። በነጭ የግድግዳ ቀለምና በጸሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥም አለ። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የቅንጣቶቹ ማነስ ነው፤ የሚለኩት በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በጣም ስለደቀቀ የ1 ግራም ዱቄት ጠቅላላ ገጽ 50 ካሬ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። ሥራው የሚሠራው ደግሞ ገጹ ላይ ነው።

🔹 እንዴት ይሠራል?
አልትራቫዮሌት ጨረር ቅንጣቱን ሲመታው ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል። ኤሌክትሮኑ ከኦክስጅን ጋር፣ ጥሎት የሄደው ክፍት ቦታ ደግሞ ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንደ ሃይድሮክሲል ራዲካል ያሉ በጣም ኃይለኛ ነገሮች ይፈጠራሉ። እነሱም የጨርቅ ማቅለሚያን፣ የጸረ ተባይን ወይም የመድኃኒት ቅሪትን ይቆራርጡታል። ሂደቱ እስከ መጨረሻው ከሄደ በዋናነት የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። ማጣሪያ ቆሻሻውን ይይዛል፤ ይሄኛው ግን ይሰባብረዋል።

🔹 መቼ ተጀመረ?
እ.ኤ.አ. በ1972 ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማ እና ኬኒቺ ሆንዳ ይህ ቁስ በብርሃን እየታገዘ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሊከፍል እንደሚችል አሳተሙ። በ1977 አሜሪካ ውስጥ ፍራንክ እና ባርድ የተባሉ ኬሚስቶች ውሃ ውስጥ ያለን ሳይናይድ ለማጥፋት ተጠቀሙበት።

🔹 ታዲያ ለምን በየቤቱ የለም?
ከጸሐይ ብርሃን ውስጥ አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ዱቄቱ አይጠቀምበትም። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ናይትሮጅን እየጨመሩ በሚታይ ብርሃን እንዲሠራ የሚሞክሩት። የደፈረሰ ውሃም ብርሃኑን ይጋርዳል። ከሁሉም በላይ፣ ያን የደቀቀ ዱቄት መልሶ ከውሃው ማውጣት ከባድ ነው። መስታወት ወይም ሌላ ገጽ ላይ ቢለጠፍ ይህ ይቀላል፤ ግን ውሃውን የሚነካው ገጽ ይቀንሳል።

⚠️ ይህን ልብ በሉ
ቀለሙ ጠፋ ማለት ውሃው ጸዳ ማለት አይደለም። ቀለሙ ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ወይም በከፊል ብቻ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ስብርባሪው አንዳንዴ ከመጀመሪያው የባሰ መርዛማ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም ሆነ እርሳስ በዚህ መንገድ ተሰባብረው አይጠፉም። እነሱ ከውሃው መውጣት አለባቸው።

ስለዚህ ቪዲዮውን ዳግም ስታገኙት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ የጠፋው ቀለሙ ነው ወይስ ብክለቱ? ዱቄቱስ የት ገባ? መልሱን ሳታገኙ ግን ቤት ውስጥ ሞክራችሁ እንዳትጠጡ።