የጎደለ ብዕር ምስክርነት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ጃፓን እጅዋን የሰጠችበት ሰነድ «ሚዙሪ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ሲፈረም፣ ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር ፊርማቸውን ያኖሩት በአንድ ብዕር ብቻ አልነበረም። ብዕሮችን እያፈራረቁ ከፈረሙ በኋላ የመጀመሪያውን ለጄኔራል ጆናታን ዌይንራይት፣ ሁለተኛውን ለጄኔራል አርተር ፐርሲቫል ሰጡ፤ ሁለቱም በጃፓኖች እጅ በምርኮ የቆዩ የጦር አዛዦች ነበሩ። ብዕር ከጽሕፈት መሣሪያነት አልፎ የታሪክ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ይህ ድርጊት ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን የተረፉት ቀለም የሚሞሉ ብዕሮች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ክብር አልገጠማቸውም። እስክሪብቶ ቦታቸውን ከወሰደ ወዲህ በየመሳቢያው ተረስተው፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ፣ ሌላው ጫፉ ተሰብሮ፣ የሌላውም ላስቲክ ደርቆ ይገኛሉ። ጎዶሎ ብዕር ከጥገና ባለሙያ እጅ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ማንነቱ ምንድን ነው? እንዴትስ ይጠገን? የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ከተጀመረ ብዕሩ መጻፍ ቢችልም ምስክርነቱን ያጣል።

ማንነቱን ለማወቅ ቀዳሚው ምልክት ቀለም የሚሞላበት ስልት ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን በ1884 በኒው ዮርክ የፈጠራ መብት ባገኙበት ብዕር፣ ቀለሙ በማንጠብጠቢያ ወደ ቀፎው ይገባ ነበር። ቀጥሎ የኦሃዮው ኮንክሊን ኩባንያ የላስቲክ ከረጢት በቀፎው ውስጥ አኑሮ፣ ከጎኑ በወጣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባለው ብረት እየተጫኑ እንዲሞላ አደረገ። የአዮዋው የጌጣጌጥ ነጋዴ ዋልተር ሼፈር ደግሞ በ1908 በቀፎው ጎን ተጋድሞ ለሚነሣ ማንሻ የፈጠራ መብት ተቀበሉ። ስለዚህ ክዳንና ጫፍ ባይኖሩም እንኳ ቀፎው ይናገራል፤ በጎኑ ያለው ክፍተት የማንሻ ወይም የግማሽ ጨረቃው ብረት መኖሪያ መሆኑ በቅርጹ ይለያል።

ሁለተኛው ምልክት የተሠራበት ቁስ ነው። የቀድሞዎቹ ብዕሮች በብዛት የተሠሩት ድኝ ተቀላቅሎበት በሙቀት ከጠነከረ ጎማ ነው። ሼፈር በ1924 ወደ ሴሉሎይድ ተሻገረ፤ ፓርከርም በ1921 በቀይ ጎማ ጀምሮት የነበረውን «ዱዎፎልድ» የተባለ ብዕር በ1926 በሴሉሎይድ መሥራት ጀመረ። ጎማው በጣት ሲታሽ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ጥቁሩም ለብርሃን በተጋለጠበት ወገን ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሴሉሎይድ ግን የካፉር ሽታ አለው። ክዳኑ ከጎማ፣ ቀፎው ከሴሉሎይድ የሆነ «ዱዎፎልድ» ቢገኝ፣ ሁለቱ አካላት አብረው መወለዳቸው ያጠራጥራል።

ሦስተኛው ምልክት አምራቹ በቀፎው ላይ የቀረጸው ጽሑፍ ነው። የዊስከንሰኑ ጆርጅ ፓርከር የቴሌግራፍ መምህር ሳሉ፣ ለተማሪዎቻቸው የሸጧቸውን የሌላ ፋብሪካ ብዕሮች ዘወትር ይጠግኑ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ በ1888 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። በጥገና የተጀመረው ይህ ኩባንያ ከ1930ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ በብዕሮቹ ላይ የተሠሩበትን ጊዜ የሚያመለክት ምልክት ማተሙ ለኋለኞቹ ጠጋኞች ታላቅ ውለታ ሆኗል። በ1940ዎቹ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ከሩብ ዓመቱ ነጥቦች ጋር ይታተም ነበር። ለምሳሌ በ1941 ለገበያ በቀረበው «ፓርከር 51» ቀፎ ላይ 4 ቁጥር ቢነበብ፣ ይህ ዓይነት በ1934 ስላልነበረ ዓመቱ 1944 መሆኑ ይታወቃል። በ1948 አሞላሉ በተለወጠ ጊዜ ደግሞ የብዕሩ ውስጣዊ አሠራር ስለ ተለየ፣ የፊተኛውን አካል ከኋለኛው ጋር ማዛመድ ታሪክን ማፋለስ ይሆናል።

ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ጥገናው በትዕግሥት ይከናወናል። የጎማ ብዕር ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ቀለሙ ስለሚለወጥ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል። ሴሉሎይድ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት አይቀርበውም፤ አልኮልም ስለሚያሟሟው አይነካውም። የደረቀው ከረጢት ተፍቆ ከወጣ በኋላ፣ ስፋቱ በኢንች ስልሳ አራተኛ እጅ የሚለካ አዲስ ከረጢት ተመርጦ ሼላክ በተባለው ሙጫ ይጣበቃል። ሼላክ የተመረጠበት ምክንያት፣ ወደፊት ሌላ ባለሙያ ብዕሩን መክፈት ሲያስፈልገው አካሉ ሳይሰበር የሚለቅ ሙጫ በመሆኑ ነው።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው የጠፋውን አካል ለመተካት ሲታሰብ ነው። ከሦስት ጎዶሎዎች አንድ ሙሉ ብዕር መገጣጠም አያዳግትም፤ ለዓይን ያምራል፣ ለገበያም ይመቻል። ነገር ግን የ1944 ቀፎ የ1950ዎቹን ክዳን ደፍቶ ሳይመዘገብ ወደ ቤተ መዘክር ከገባ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመረምረው ሰው በየትኛው አካል ይመን? አንድ ሰነድ በዚህ ብዕር ተፈረመ ሲባል ቃሉን የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ያው የቀፎው ምልክት ነውና፣ ምልክቱን የተሸከመው አካል ከተለወጠ ክርክሩ ዳኛ ያጣል።

ስለዚህ ምትክ የሚገባው በዓይነትም በዘመንም ከብዕሩ ጋር የሚስማማ ሲገኝ ነው፤ ያም ቢሆን የገባው በመዝገብ ይጻፋል፣ የወጣውም አይጣልም፣ ከብዕሩ ጋር ይቀመጣል። የሚስማማ ካልተገኘ ግን ብዕሩ ክዳኑ እንደ ጎደለ መቆየቱ አያሳፍርም። ጉድለቱ በግልጽ የሚታይ ብዕር የሚያሳስተው ተመራማሪ የለም፤ ባልተመዘገበ ምትክ የተሟላው ግን ጠጋኙ ካለፈ በኋላም ማሳሳቱን ይቀጥላል።