የሦስት መቶው ዕውራን ቤት

በፈረንሳይ አገር፣ በሩዋዮሞን ገዳም፣ ሌዥየ የሚባል መነኩሴ ነበረ። ሥጋ ደዌ ጸንቶበት፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ አፍንጫው ተበልቶ፣ ከማኅበሩ ተለይቶ ለብቻው በተቀመጠበት ቤት ንጉሡ ሉዊስ 9ኛ ብዙ ጊዜ እየሄደ ይጎበኘው ነበር፤ በፊቱም ተንበርክኮ ምግቡን በገዛ እጁ እየቆረሰ እንዳጎረሰው፣ ጨውም የቆሰለ ከንፈሩን ባቃጠለው ጊዜ ጉርሻውን ለጣዕም ያህል በጨው ነክሮ ቅንጣቱን እያራገፈ እንደ ሰጠው የንጉሡን ገድል የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ጉርሻ ምን ያህል ክብርና ፍቅር እንደሚገልጥ ለሚያውቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን ነገር ትርጓሜ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይኸው ንጉሥ በየሳምንቱ የድኆችን እግር ያጥብ ነበር። ባለሟሉ ዧንቪል በጻፈው ታሪክ እንደምናነበው፣ አንድ ቀን ንጉሡ «በጸሎተ ሐሙስ የድኆችን እግር ታጥባለህን?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ያ ኩሩ መኰንን የእነዚህን ባለጌዎች እግር ከቶ አላጥብም ሲል መለሰለት፤ ንጉሡም ጌታ ለአርኣያ ያደረገውን ልንንቅ አይገባንም ብሎ ገሠጸው። ዧንቪል ይህን በራሱ ላይ ሳይሰውር መጻፉ ያስመሰግነዋል፤ በዚያ ዘመን የመኳንንቱ ልብ ምን ይመስል እንደ ነበረም ከእርሱ ቃል የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ሕፅበተ እግሩም ጉርሻውም መልካም ነበረ። ሆኖም እግር አጣቢው ንጉሥ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲመለስ እግሩ የታጠበለት ድኻ ወደ ደጀ ሰላሙ ይመለሳል፤ ንጉሡም ባለፈ ጊዜ ምጽዋቱ ከእርሱ ጋር ያልፋል። ሠዓሊዎች አብዝተው የሣሉት ጉርሻውንና ሕፅበተ እግሩን ቢሆንም፣ እኔ ከሉዊስ ሥራዎች ሁሉ ይልቅ የማደንቀው ከዚህ ያነሰ የተነገረለትን፣ ለፓሪስ ዕውራን የሠራውን ቤት ነው።

ቤቱ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1260 ገደማ፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ በሉቭር ቤተ መንግሥት አጠገብ በሳንቶኖሬ መንገድ ላይ ነው። የሚቀበለውም 300 ሰዎች ሲሆን፣ የዘመኑ ሰዎች በሃያ በሃያ ይቈጥሩ ስለ ነበር አሥራ አምስት ጊዜ ሃያ ለማለት ካንዝ ቫን ብለው ጠሩት፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ንጉሡ ቅዳሴ የሚሰሙበትን ቤተ ክርስቲያን አብሮ ሠራላቸው፤ ለወጣቸውም በየዓመቱ 30 የፓሪስ ሊቭር የሚባል ገንዘብ መደበላቸው። እርሱ በ1270 በቱኒስ ዘመቻ ላይ ሞተ፤ በእኛም አገር ዓፄ ይኩኖ አምላክ ዙፋን የያዙት በዚያው ዓመት ነው። ሉዊስ ሲሞት ቤቱ ግን አልፈረሰም።

ያልፈረሰበትም ምክንያት በሥርዓቱ ውስጥ ይገኛል። ካንዝ ቫን ሐኪም ቤት አልነበረም፤ ገዳምም አልነበረም። ወንዶችና ሴቶች ወንድምና እኅት እየተባባሉ በአንድ ቅጥር ይኖሩበት ነበር፤ ዕውሩ የሚያይ ሰው አግብቶ ልጆቹን በዚያው ያሳድግ ነበር፤ ዓይናማዎችም መንገድ መሪዎች ሆነው የማኅበሩ አባል ይሆኑ ነበር። የሚገባው ሰው ያለውን ንብረት ለማኅበሩ ይሰጣል፤ ማኅበሩም በፈንታው እስከ ዕለተ ሞቱ ይጦረዋል። በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የንጉሡ የምጽዋት አዛዥ የነበረው ሚሼል ደ ብራሽ የቤቱን ሕግ በጽሑፍ ሲያጸናው፣ ከዕውራኑም ከሚያዩትም የተመረጡ ሰዎች ለጉባኤው ምለው የቤቱን ጉዳይ ከአለቃው ጋር እንዲመክሩ ሆነ። ምጽዋት ተቀባይ ስለሚሰጠው ምጽዋት ድምፅ ሊኖረው ይገባል የሚለው አሳብ በእኛ ዘመን እንኳ በብዙ የበጎ አድራጎት አዳራሾች ገና እንደ እንግዳ ሲታይ፣ ከስድስት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በፓሪስ ዕውራን መካከል በሥራ መዋሉ እጅግ ያስደንቀኛል።

ይሁን እንጂ ቤቱ ከልመና አላወጣቸውም። የንጉሡ 30 ሊቭር ለወጥ እንጂ ለእንጀራ የሚበቃ አልነበረምና፣ እኛ አገር ነዳያን በእመቤታችን ስም እየጮኹ እንደሚለምኑ፣ እነርሱም በየአደባባዩ በእግዚአብሔር ስም ዳቦ እየጠየቁ ይዞሩ ነበር። በ1312 ንጉሡ ፊልጶስ 4ኛ ከሌሎች ዕውራን እንዲለዩ የመንግሥቱን የአበባ ምልክት በልብሳቸው ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ምልክቱ ጥበቃም ክብርም ሰጣቸው፤ ነገር ግን ይህን የዘውድ ምልክት ያልያዘውን ዕውር ከእነርሱ በታች አደረገው፤ ይህን የመሰለውን ስጦታ ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። ከተማውም ቢሆን ሁልጊዜ በምሕረት ዓይን አላያቸውም። በ1425 በፓሪስ አራት ዕውራን የጦር ልብስ ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው ዱላ ይዘው፣ በአንድ አጥር ውስጥ ከአሳማ ጋር ተለቀቁ፤ አሳማውን የገደለ ይወስደዋል ተብሎ ነበርና፣ ዱላው ከአሳማው ይልቅ እርስ በርሳቸው ሲያርፍ ሕዝቡ እየሳቀ ተመለከተ። የዚያ ዘመን ዜና መዋዕል ጸሐፊ ይህን እንደ ጨዋታ መዝግቦታል።

ንጉሡ ሉዊስ 9ኛ ካለፈ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም፣ ቤቱ የተሠራው በመስቀል ጦርነት ዓይናቸው ለወጣ 300 ባላባቶች ነው የሚል ተረት ተነሣ። ዧንቪል ግን ንጉሡን የሚያውቅ ሰው ሲሆን፣ ቤቱ ለፓሪስ ድኆች ዕውራን መሠራቱን ጽፏል። ተረቱ እንዴት እንደ ተወደደ ማስተዋል አያስቸግርም፤ ሰጪዎች ስጦታቸው ለጀግና ቢሆን ይመርጣሉና፣ ከእናቱ ማኅፀን ዕውር ሆኖ የተወለደው የመንገድ ለማኝ ለንጉሥ ምጽዋት የማይበቃ መስሎ ታያቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ በቃልና በጆሮ የሚያዝ ስለሆነ፣ ዕውር ልጅ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን አጥንቶ፣ ቅኔውን ዘርፎ፣ በኋላም ራሱ መምህር ሆኖ ጉባኤ ሲዘረጋ አይተናል። ካንዝ ቫን ግን 500 ዓመት ያህል ዕውራንን ሲያኖር ፊደል ያስተማራቸው ሰው አልተነሣም። የትምህርቱ መነሻ ከሌላ ስፍራ መጣ። በ1771 በፓሪስ የቅዱስ ኦቪድ ገበያ ላይ ዕውራን የአህያ ጆሮ ያለበት ቆብና የወረቀት መነጽር ተደርጎላቸው፣ ማየት በማይችሉት የዜማ ወረቀት ፊት ሆነው መሣሪያ እየመቱ ሕዝቡ ሲስቅባቸው፣ ቫላንታን አዊ የተባለ የቋንቋ አዋቂ አይቶ ልቡ ተቃጠለ። በ1784 ፍራንስዋ ለስዌር የሚባለውን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚለምን ዕውር ወጣት ወስዶ፣ ከወረቀት ላይ ጐልቶ በወጣ ፊደል በጣቱ እንዲያነብ አስተማረው፤ በ1786 መጨረሻም ተማሪዎቹ በቨርሳይ በንጉሡ በሉዊስ 16ኛ ፊት ቀርበው አነበቡ።

የዕውራኑን ጥንታዊ ቤት ግን ከዚህ ቀደም ብሎ በ1780 ካርዲናል ደ ሮአን የሚባለው የቤተ ክርስቲያን አለቃ የሳንቶኖሬውን ርስት ሸጦ ወደ ሻራንቶን መንገድ አዛውሮት ነበር፤ ዛሬ በዚያ የዓይን ሆስፒታል አለ።

ወደ ፊደሉ ነገር ስንመለስ፣ በ1819 የኮርቻ ሠሪ ልጅ የሆነው ሉዊስ ብሬል በ10 ዓመቱ አዊ ለዕውራን ከመሠረተው ትምህርት ቤት ገባ። የአዊ ፊደል ማየት የለመደ ሰው የቀረጸው ነበርና ማንበቡ ዝግ ያለ፣ መጻፉም ለዕውር የሚያስቸግር ነበረ፤ ብሬል ግን ሻርል ባርቢየ ከሚባል የጦር መኰንን የነጥብ ጽሕፈት ተነሥቶ፣ በስድስት ነጥብ የሚጻፈውንና በአንድ ጣት ጫፍ የሚዳሰሰውን ፊደል አዘጋጅቶ በ1829 አሳተመ። ተማሪዎቹ ወዲያው ወደዱት፤ የሚያዩት አስተዳዳሪዎች ግን ራሳቸው በዓይናቸው ሊያነቡት የማይችሉትን ጽሕፈት ለብዙ ዓመት ተቃወሙት፤ ትምህርት ቤቱም ፊደሉን በይፋ የተቀበለው ብሬል ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነበር።