ድንቅነሽና የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ

«ድንቅነሽ የትና መቼ ተገኘች?» የሚለው በጠቅላላ ዕውቀት ውድድር የተለመደ ጥያቄ ነው። መልሱም፦ በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ሥፍራ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.። ሉሲ የተሰኘው የፈረንጅ ስሟ ያን ምሽት በተመራማሪዎቹ ሠፈር ይሰማ ከነበረው የቢትልስ ዘፈን መወሰዱንም ብዙ ሰው ያውቃል። ይሁንና በቃል የተያዘ መልስ ዕውቀት የሚሆነው «በምን ታወቀ?» ተብሎ ሲመረመር ነው።

ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ የታወቀው ከራሷ አጥንት አይደለም፤ በአካባቢው ደለል መካከል በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ከፖታሲየም የመነጨው አርጎን ተለክቶ ነው። በሁለት እግሯ መሄዷን የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንቶች መሰከሩ። የወገኖቿ ምግብ ከዛፍም ከሣርም ወገን እንደ ነበረ ደግሞ በጥርሳቸው ውስጥ የቀረው ካርቦን አመለከተ።

ብዙዎቻችን ምህንድስና የተማርንበት የአምስት ኪሎ ግቢ ከብሔራዊ ሙዚየም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ሸክምንና ሚዛንን ማስላት ስንማር፣ 40 በመቶ ያህሉ ከተረፈው ከዚያ አፅም አምሳያ ፊት የቆምን ስንቶች ነን? እንግዲህ በዚያ ስናልፍ ልጆቻችንን ይዘን እንግባ፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም እናስረዳቸው።