ዜና ጎጀብ

በ1929 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ታኅሣሥ በ9ኛው ቀን፣ በዕለተ ዓርብ፣ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው ለኢጣልያ ጦር እጃቸውን ሰጡ። ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋም ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የሚወርድ መንገደኛ ይህን ወንዝ ሳይሻገር አያልፍም። ቡና ጭኖ የሚመለሰውም ሹፌር እንዲሁ። ለጦር ሰው የመታሰቢያ ድንጋይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በተወለደበት ቀዬ ነው። እኛ ግን ክንዱ የዛለበትም ስፍራ ድንጋይ ይገባዋል ብለን እናምናለንና፣ በዚህ መሻገሪያ ሊጻፍ የሚገባውን እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ከአዲስ አበባ በባቡር ሲሰደዱ፣ አብሮ አደግ ዘመዳቸውን ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ተዉ። እርሳቸውም በሽሬ የተዋጉ፣ በተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ በሠራዊታቸው ላይ ሲዘንብ በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። የመንግሥቱም መቀመጫ በኢሉባቦር በጎሬ ሆነ፤ በዚያም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ።

በዚያው ወራት በነቀምቴ የተማሩ ወጣቶች ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። መሪያቸው በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማረው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ ይልማ ዴሬሳም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። የጦሩ ጅማት ግን የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ የስዊድን መኮንኖች ማስተማር ከጀመሩ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጦርነት የደረሰባቸው። ማኅበሩም 10 አንቀጽ ያለው ሕገ ደንብ አወጣ። የጦሩ ክፍል ለፖለቲካው ክፍል ይታዘዝ፣ ገበሬው አይዘረፍ፣ ምርኮኛ አይንገላታ አለ። አገር ፈርሶ፣ ንጉሥ ተሰዶ፣ ስንቅ ጠፍቶ ሳለ እንዲህ ያለ ሕግ መጻፋቸውን ሳስብ፣ ከጦር ድላቸው ይልቅ ይህ ያስደንቀኛል።

ድልም ነበራቸው። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ በቦናያ አርፈው ሳለ በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው። የአየር ኃይል ጄኔራሉ ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ በዚያ ሞቱ፤ ከመጡትም አንድ የሚሲዮን ቄስ ብቻ ተረፈ።

ከዚህ በኋላ ራስ እምሩን የበላይ አድርገው ወደ ሸዋ ሊዘምቱ ተነሡ፤ ነገር ግን በመንገዳቸው ያለው ሕዝብ አልተቀበላቸውምና ተመለሱ። በኅዳርም ጠላት ጎሬን ያዘ። እነርሱም እየተዋጉ ወደ ደቡብ አፈገፈጉ፤ ከኋላ የሚከታተላቸው ጦር፣ ከላይ አውሮፕላን፣ ከፊት ደግሞ ጎጀብ ሆነባቸው።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። ጎጀብ ቀድሞ የካፋ መንግሥት ድንበር ነበረ። በመስከረም 1890 ዓ.ም የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረከ፤ ወደ ሸዋም ሲወሰድ ከዚህ ወንዝ በደረሰ ጊዜ፣ ከእንግዲህ የካፋ ንጉሥ የለም ብሎ ቀለበቱን ከውኃው ጣለው ይባላል። ከዘመቻው በኋላ ብዙ ሰው ለባርነት ተሸጠ፤ የቀረው ለነፍጠኛ ገባር ሆነ፤ የታረሰው መሬት ተመልሶ ጫካ ዋጠው። ስለዚህ ለራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም ሕዝብ ለምን አልተነሣላቸውም ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በ1890 ዓ.ም ይፈልግ። ወጣቶቹ ገበሬው አይነካ ብለው የጻፉት እውነተኛ ቃል ነበረ፤ ግን ከእነርሱ በፊት 40 ዓመት ያህል ሲነካ የኖረው ገበሬ ያንን ወረቀት አላነበበም።

ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። በ1935 ዓ.ም በሐምሌ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ወደዚያችው ደሴት በእስረኝነት ተላከ። ዮሴፍና ቢንያም ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ ተረሸኑ፤ አባታቸው በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ።

ራስ እምሩም ከነጻነት በኋላ በዋሽንግተን፣ በሕንድና በሞስኮ አገራቸውን ወክለው አገለገሉ። መሬታቸውን ለጭሰኞች በመስጠታቸው ቀዩ ራስ ተባሉ። አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ከሐምሌ 1966 ዓ.ም ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም ሲያርፉ፣ ዘውዱን የገረሰሰው ደርግ በመንግሥት ሥርዓት ቀበራቸው። ጎጀብ ላይ ያልተነሣላቸው ገበሬ መሬት ሊይዝ እንደሚገባው ከብዙዎቹ መሳፍንት ቀድመው ያወቁት እርሳቸው ነበሩ፤ ይህን ያስተማራቸው በከፊል ያ ሽሽት ይመስለኛል።

እንግዲህ በጎጀብ መሻገሪያ በሚቆመው ድንጋይ ላይ ቀኑ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም ተብሎ ይጻፍ። የራስ እምሩ ስም ብቻ አይሁን፤ የሆለታ ልጆችም ይጻፉ። ከእነርሱም በላይ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም በዚህ ተሻግሮ መሄዱ ይቅደም። ጽሕፈቱም በአማርኛና በካፊኖኖ ይሁን።